ኦባማ በስፕሪንግፊልድ፦ ስለ ስቴት ሴናተርነት ዘመናቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ባራክ ኦባማ ወሬ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጀምረው ከ2008ቱ ምርጫ ነው። ትንሽ ወደ ኋላ የሚሄድ ደግሞ በ2004 ቦስተን ላይ ያደረጉትን ንግግር ያነሳል። ከዚያ በፊት ግን 8 ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሌላ ሥራ ነበራቸው። ኢሊኖይ ውስጥ የስቴት ሴናተር ነበሩ። ያኔ ካሜራ አይከተላቸውም። ፊርማ ሲያስቆጥሩ፣ ሲሸነፉ፣ ተራቸውን ሲጠብቁ የኖሩበት ጊዜ ነው። እኔ ሰውየውን ፖለቲከኛ ያደረጋቸው ይህ ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። ቡና ላይም በስልክም ደጋግመው የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የስቴት ሴናተር የነበሩት ከመቼ እስከ መቼ ነው? የትኛውን ሰፈር ወክለው?

ከጃንዋሪ 1997 እስከ ኖቬምበር 2004። የወከሉት 13ኛውን የምርጫ ወረዳ ነው፤ ቺካጎ ደቡብ በኩል ሃይድ ፓርክንና አካባቢውን ይይዛል። ሃይድ ፓርክ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ሰፈር ነው። ከዩኒቨርሲቲው ትንሽ ራቅ ስትሉ ድህነት የጠናባቸው መንገዶች ይጀምራሉ። ፕሮፌሰሩም ሥራ ፈላጊውም የአንድ ሴናተር መራጮች ነበሩ። ኦባማ በ1996፣ በ1998 እና በ2002 ሦስት ጊዜ ተመርጠዋል።

የስቴት ሴናተርና የዋሽንግተኑ ሴናተር አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው። 50ዎቹም ስቴቶች የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ከኔብራስካ በስተቀር ሁሉም ሁለት ምክር ቤት ነው ያላቸው። የኢሊኖይ የላይኛው ምክር ቤት፣ ማለትም ሴኔቱ፣ 59 አባላት አሉት። የታችኛው 118።

ሥራቸው ምንድን ነው ካላችሁ፣ ኑሯችሁን ተመልከቱ። የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ከስቴቱ የሚያገኘው በጀት፣ የመንጃ ፈቃድ ሕግ፣ የነርስነት ፈቃድ ደንብ፣ አዛውንት ቤት ሄዶ የሚንከባከብ ሠራተኛ የሚከፈለው ክፍያ፣ ፖሊስ ሰው ሲይዝ ምን ማድረግ እንዳለበት፤ ይሄ ሁሉ በአብዛኛው የሚወሰነው በስቴት ደረጃ ነው። እኛ ግን የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብለን እናያለን፤ የስቴት ሴናተራችንን ስም ስንጠየቅ ዝም እንላለን።

ስፕሪንግፊልድ የት ነው? በየቀኑ ይመላለሱ ነበር?

ስፕሪንግፊልድ የኢሊኖይ ዋና ከተማ ናት። ከቺካጎ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በመኪና ከ3 ሰዓት በላይ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ በበጋ ግራና ቀኙ በቆሎ፣ በክረምት ባዶ ማሳ። ኦባማ ምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ሲሆን እዚያ ያድራሉ፤ ቅዳሜና እሁድ ቤታቸው ይመለሳሉ። የስቴት ሴናተርነት ብቻውን ቤት አያቆምም፤ ስለዚህ ጎን ለጎን ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምሩ ነበር፤ ጥብቅናም ይሠሩ ነበር።

አንድ ጊዜ ሄጄ ከላይ ከተመልካች ሰገነት ላይ ሆኜ ሴኔቱን አይቻለሁ። ከታች ጠረጴዛዎች በረድፍ ተደርድረዋል። አንዱ ቆሞ ይናገራል፤ ሌላው ወረቀት ያገላብጣል፤ ሦስተኛው ከጎኑ ካለው ጋር ይንሾካሾካል። ድምፅ ሲሰጥ ትልቁ ሰሌዳ ላይ አረንጓዴና ቀይ መብራት ይበራል። አንድ ሕግ አለፈ። የሚያጨበጭብ የለም። ወዲያው ወደሚቀጥለው ቁጥር ሄዱ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት በዚህ ድባብ ውስጥ መቀመጥ ምን ያህል ትዕግስት እንደሚጠይቅ ያኔ ነው የገባኝ።

የቺካጎ ልጅ ሳይሆኑ እንዴት ተመረጡ?

የተወለዱት ሃዋይ ነው። ቺካጎ የመጡት በ1985 ነው፤ ደቡብ ቺካጎ ውስጥ ብረት ፋብሪካዎች ሲዘጉ ሥራ ያጡ ሰፈሮችን የሚያደራጅ፣ አብያተ ክርስቲያናት የደገፉት ድርጅት ቀጥሯቸው። ከ3 ዓመት በኋላ ሐርቫርድ ሕግ ሊማሩ ሄዱ። ተመልሰው በ1992 ትልቅ የመራጮች ምዝገባ ዘመቻ መሩ። እጅግ ብዙ ጥቁር መራጭ ያኔ ተመዝግቧል። በዚያ ሥራ ሰፈሩንም የሰፈሩን ፖለቲከኞችም አወቁ። ወንበር ሲከፈት ስማቸው እንግዳ አልነበረም።

ተቀናቃኞቻቸውን በሙሉ ከምርጫው አስወጥተዋል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ታሪኩ ግን ጠለቅ ያለ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ወንበሩ የአሊስ ፓልመር ነበር። ፓልመር በደቡብ ቺካጎ የተከበሩ፣ በትምህርት ጉዳይ የታወቁ ሴት ናቸው። በ1995 የአካባቢው የአሜሪካ ኮንግረስ አባል በወንጀል ተፈርዶባቸው ወንበራቸው ባዶ ሆነ። ፓልመር ለዚያ ሊወዳደሩ ወሰኑና የስቴት ወንበራቸውን ለኦባማ ተዉላቸው። በሴፕቴምበር 1995 ኦባማ ዕጩነታቸውን ይፋ ሲያደርጉ ፓልመር ራሳቸው መድረክ ላይ ወጥተው አስተዋወቋቸው።

በኖቬምበር መጨረሻ ግን ፓልመር ለኮንግረስ ያደረጉት ውድድር አልሆነላቸውም። ሦስተኛ ወጡ። አሸናፊው ጄሲ ጃክሰን ጁኒየር ነበሩ። የፓልመር ደጋፊዎች «ወንበራቸው ይመለስላቸው» ብለው ኦባማን ጠየቁ። ኦባማ እምቢ አሉ፤ ቃል ተገብቶልኛል፣ ሰው ቀጥሬያለሁ፣ ገንዘብ ሰብስቤያለሁ የሚል ነበር ምክንያታቸው። ፓልመርም በጥድፊያ የድጋፍ ፊርማ አሰባስበው ለውድድር ተመዘገቡ።

ፊርማው ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ስም በምርጫ ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ቢያንስ 757 የተመዘገቡ መራጮች ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ፓልመር ያስገቡት 1,580 ነው። በቂ ይመስላል። የኦባማ ሰዎች ግን ቺካጎ ምርጫ ቦርድ ሄደው ወረቀቱን ከመራጮች መዝገብ ጋር አንድ በአንድ አመሳከሩ። ይሄኛው አድራሻው ከወረዳው ውጭ ነው። ያኛይቱ አልተመዘገበችም። ሌላው ስሙን በፊርማ ሳይሆን በነጠላ ፊደል ለቅሞ ጽፎታል። አንድ በአንድ እየተሰረዘ ሄዶ ከሚፈለገው ቁጥር በታች ወረደ። ፓልመር ራሳቸውን አገለሉ። የሌሎቹ 3 ዕጩዎች ወረቀትም በተመሳሳይ መንገድ ወደቀ። በማርች 1996ቱ የዴሞክራቶች ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲው ዕጩውን በሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ፣ ኦባማ ብቻቸውን ቀረቡ። በዚያ ወረዳ የዴሞክራቶችን ፕራይመሪ ያሸነፈ ወንበሩን እንደያዘ ይቆጠራል።

ሕጋዊ ነው ወይ? አዎ፣ ሙሉ በሙሉ። ቺካጎ ውስጥ የኖረ ፖለቲከኛ ሁሉ የሚያውቀው ስልት ነው። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይከብደኛል። የመራጭ መብት ብለው ሲመዘግቡ የነበሩ ሰው፣ የመጀመሪያ ምርጫቸውን መራጩ አማራጭ ሳይኖረው አሸነፉ። ይህንን ሳይሸሽጉ ታሪካቸውን ማውራት ይቻላል፤ የሚገባውም እንደዚያ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምን ሠሩ?

ብዙ ማድረግ አይችሉም ነበር። ሴኔቱ በሪፐብሊካኖች እጅ ነው። አፈ ጉባኤው ጄምስ ፊሊፕ የማይፈልጉት ረቂቅ ሕግ ለውይይት እንኳ አይቀርብም። የአናሳው ወገን አዲስ አባል መሆን፣ ጥሩ ሐሳብ ይዞ በር ላይ መቆም ማለት ነው።

ከጥቁር ባልደረቦቻቸውም መካከል «ይሄ የሐርቫርድ ሰው» ብለው በጎሪጥ የሚያዩዋቸው ነበሩ። ኦባማም ከገጠርና ከከተማ ዳርቻ ከመጡ ሴናተሮች ጋር ማምሻውን ካርታ መጫወት ጀመሩ። ፖከር ነው፤ ትንሽ ብር የሚያዝበት። ከተለያየ ሰፈርና ኑሮ የመጡ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ያመሻሉ። ጠዋት ምክር ቤት ውስጥ ሲገናኙ ቢያንስ ይተዋወቃሉ። እኛ አገር ሰው በለቅሶና በማኅበር እንደሚቀራረበው ማለት ነው።

ያም ሆኖ በ1998 አንድ ቁም ነገር ተሳክቶላቸዋል። ኢሊኖይ ውስጥ ያኔ ፖለቲከኛ ለምርጫ የተዋጣለትን ገንዘብ ለግል ጉዳዩ ማዋል ይችል ነበር። ኦባማ ከሪፐብሊካኑ ኪርክ ዲላርድና ከሌሎች ጋር ሆነው ይህን የሚከለክል፣ ከሎቢስት (ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት ከሚቀጠር ሰው) የሚመጣ ስጦታንም የሚገድብ ሕግ አሳለፉ። በዝምድና መጠቃቀም ለተለመደበት ምክር ቤት ቀላል አልነበረም። ሆኖም የተጠራቀመ ገንዘብ የነበራቸው ነባር አባላት ያንን እንደያዙ እንዲቀጥሉ ተፈቅዶላቸዋል።

በ2000 የተሸነፉት ምርጫ የትኛው ነው?

ለአሜሪካ ኮንግረስ ቦቢ ራሽን ተገዳድረው ነው። ራሽ ለጥቁሮች መብት ይታገል የነበረው የብላክ ፓንተር ድርጅት የቀድሞ መሪ ናቸው። ሰፈሩ ያውቃቸዋል፤ ይወዳቸዋል። በ1999 መጀመሪያ ላይ ለቺካጎ ከንቲባነት ተወዳድረው ስለተሸነፉ ኦባማ «ተዳክመዋል» ብለው ገመቱ። ግምቱ ስህተት ነበር።

በኦክቶበር 1999 የራሽ ልጅ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ከተማው በሙሉ አብሯቸው አለቀሰ። በሐዘን ላይ ያለን አባት ማን ይተቻል? የኦባማ ቅስቀሳ ቀጥ አለ። በዲሴምበር መጨረሻ ደግሞ ስፕሪንግፊልድ ላይ ስለ መሣሪያ ወንጀል አንድ ረቂቅ ሕግ ድምፅ ሊሰጥበት ሆነ። ኦባማ ያኔ ከቤተሰባቸው ጋር ሃዋይ ነበሩ። ያኔ ገና ሕፃን የነበረችው ልጃቸው ማሊያ ታመመችባቸውና አልተመለሱም። ረቂቁ በጥቂት ድምፅ ወደቀ። ጋዜጣው አብጠለጠላቸው። አባት ሆኖ ሕመምተኛ ልጁን ትቶ የሚሄድ ስንት ነው? ፖለቲካ ግን ይህን አይጠይቅም፤ ወንበሩ ባዶ መሆኑን ብቻ ይቆጥራል።

በማርች 2000 ራሽ 61 በመቶ፣ ኦባማ 30 በመቶ አገኙ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው የባሰ ነበር። ዕዳ ውስጥ ገብተው ነበር። በዚያው ዓመት በጋ ለፓርቲው ጉባኤ ሎስ አንጀለስ ሄዱ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ መኪና ሊከራዩ ካርዳቸውን ሲሰጡ ካርዱ አልሠራም አለ። ጉባኤው አዳራሽ ውስጥ የሚያስገባ ወረቀትም አልነበራቸውም። ጉባኤው ሳያልቅ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ታሪኩን ራሳቸው ተናግረውታል። ከ4 ዓመት በኋላ በዚያው ፓርቲ ጉባኤ ዋናው ተናጋሪ እሳቸው ነበሩ።

ከሽንፈቱ በኋላ ምን ተለወጠ?

ካርታው። በአሜሪካ በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ከተቆጠረ በኋላ የምርጫ ወረዳዎች ድንበር እንደገና ይሰመራል። ኢሊኖይ ውስጥ ሁለቱ ፓርቲዎች ካልተስማሙ ጉዳዩ በእኩል ቁጥር ለተወከሉበት ኮሚሽን ይሰጣል። እነሱም ካልተስማሙ የሚለያቸው ዕጣ ነው። በ2001 ዕጣው ለዴሞክራቶች ወጣ። የአንድ ትልቅ ስቴት ፖለቲካ ለ10 ዓመት የተወሰነው ከአንዲት ቁራጭ ወረቀት ነው።

ዴሞክራቶቹ ካርታውን እንደሚመቻቸው አሰመሩ። የኦባማ ወረዳም ሃይድ ፓርክን እንደያዘ በሐይቁ ዳር ወደ ሰሜን ተዘርግቶ ሀብታሞቹ ሰፈሮች ድረስ ደረሰ። ጥቁር መራጮቻቸውን ሳያጡ ገንዘብ መስጠት የሚችሉ አዲስ መራጮች አገኙ። በኖቬምበር 2002 ደግሞ ዴሞክራቶች ከ59ኙ ወንበር 32ቱን ወሰዱ። ከ10 ዓመት በኋላ ሴኔቱ በእጃቸው ገባ። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል።

ካወጡት ሕግ ትልቁ የትኛው ነው?

ለእኔ ያለ ጥርጥር የ2003ቱ የምርመራ ቀረጻ ሕግ ነው።

ኢሊኖይ የሞት ቅጣትን በ1977 ከመለሰች በኋላ 12 ሰው ገድላለች። በዚያው ጊዜ ውስጥ ሞት ተፈርዶባቸው የነበሩ 13 ሰዎች ነፃ ወጥተዋል። ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት። ገዥው ጆርጅ ራያን ሪፐብሊካን ነበሩ፤ ይህን አይተው በጃንዋሪ 2000 ቅጣቱ እንዳይፈጸም አገዱ። ቺካጎ ውስጥ ደግሞ በኮማንደር ጆን በርጅ ሥር የነበሩ መርማሪዎች ለዓመታት ጥቁር ተጠርጣሪዎችን እያሠቃዩ ያልሠሩትን ወንጀል ሠርተናል እንዲሉ ያስገድዷቸው ነበር። ተከሳሹ «ደብድበውኝ ነው» ይላል፤ ፖሊሱ «በፈቃዱ ነው» ይላል። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ምስክር የለም።

የኦባማ ረቂቅ መልሱ ቀላል ነበር፦ በግድያ ወንጀል የተጠረጠረ ሰው ሲመረመር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይቀረጽ። ፖሊሶችና ዐቃብያነ ሕግ ተቃወሙ። አንድ ቀረጻ ቢበላሽ ነፍሰ ገዳይ ሊለቀቅ ነው አሉ። አዲሱ ገዥ ሮድ ብላጎየቪችም መጀመሪያ ላይ አልደገፉትም። ኦባማ የተቃወሟቸውን ሰብስበው ደጋግመው አነጋገሩ። ስጋታቸውን ሰምተው ቃላቱን አስተካከሉ፦ ያልተቀረጸ ቃል በደንቡ ማስረጃ አይሆንም፤ ዐቃቤ ሕጉ ግን በፈቃድ የተሰጠ መሆኑን ማሳየት ከቻለ ዳኛው ሊቀበለው ይችላል። ሴኔቱ 58 ለ0 አጸደቀው። ተቃዋሚ አልተገኘም። ገዥውም ፈረሙ። ይህን በምክር ቤት ሕግ በማውጣት ኢሊኖይ የመጀመሪያዋ ስቴት ሆነች።

በዚያው ዓመት ፖሊስ መኪና ባስቆመ ቁጥር የሹፌሩን ዘር እንዲመዘግብ የሚያስገድድ ሕግም አሳልፈዋል። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኛ ቤተሰቦች የሚመለሰው የታክስ ገንዘብም እንዲሰፋ ሠርተዋል። ማታ ታክሲ የሚነዳ፣ ጠዋት ሆቴል የሚያጸዳ ሰው ይህ የታክስ ተመላሽ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

«ፕረዘንት» እያሉ ድምፅ ከመስጠት ሸሽተዋል የሚባለውስ?

የኢሊኖይ ሴናተር ጠረጴዛው ላይ 3 ቁልፍ አለው። አረንጓዴው ድጋፍ፣ ቀዩ ተቃውሞ፣ ቢጫው «አለሁ» ማለት ነው። ኦባማ ከሰጡት ወደ 4,000 የሚጠጋ ድምፅ ውስጥ 129 ጊዜ ቢጫውን ተጭነዋል። ሕግ ለማለፍ 30 የድጋፍ ድምፅ ስለሚያስፈልግ ቢጫው በውጤቱ ከተቃውሞ አይለይም። አንዳንዴ ፓርቲው በስልት ያዛል፤ አንዳንዴም ረቂቁ የሕገ መንግሥት ችግር አለበት ተብሎ ይደረጋል። አንዳንዴ ግን ከአስቸጋሪ ጉዳይ መሸሻ ነው። እሳቸውም ጋር ሁሉም ዓይነት ነበር ባይ ነኝ።

የኢራቅን ጦርነት የተቃወሙት ሴናተር ሆነው ነው?

የስቴት ሴናተር ሆነው ነው። ኦክቶበር 2 ቀን 2002፣ ቺካጎ መሃል አደባባይ ላይ። ስለ ጦርነቱ ድምፅ የመስጠት ሥልጣን አልነበራቸውም። በኋላ ግን ጦርነቱን ደግፈው ድምፅ ሰጥተው ከነበሩት የለያቸው ይህ ንግግር ነው።

ኤሚል ጆንስ ማን ናቸው?

ያለ እሳቸው ይህ ታሪክ አይሟላም። ጆንስ የድሮ ቺካጎ ፖለቲከኛ ናቸው፤ ጃክሰን ባሸነፉበት በዚያ የ1995 ውድድር ፓልመርን በልጠው ሁለተኛ የወጡት እሳቸው ነበሩ። በጃንዋሪ 2003 የሴኔቱ አፈ ጉባኤ ሆኑ። ራሳቸው እንደሚያወሩት ኦባማ መጥተው አሁን ትልቅ ሥልጣን አለዎት፣ የአሜሪካ ሴናተር መፍጠር ይችላሉ አሏቸው። ማንን ብለው ሲጠይቁ፣ እኔን አሉ። ጆንስ ተስማሙ። ኦባማ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ። ታላላቅ ረቂቆችም እጃቸው ላይ መጡ። በዚህ የተነሳ ለዓመታት በአንድ ጉዳይ ላይ የለፉ ሌሎች አባላት ቅር ተሰኝተዋል። ቅሬታቸውም መሠረት አለው።

መቼ ለቀቁ? ማን ተካቸው?

በማርች 2004 ሰባት ሰው የተወዳደረበትን ፕራይመሪ በ53 በመቶ አሸነፉ። በኖቬምበር 70 በመቶ አግኝተው ለአሜሪካ ሴኔት ተመረጡ። በዚያው ሳምንት የስቴት ወንበራቸውን ለቀቁ። የተኳቸው ክዋሜ ራውል ናቸው፤ ከሄይቲ የመጡ ስደተኞች ልጅ። ኢሊኖይ በ2011 የሞት ቅጣትን ጨርሳ ስታስቀር ረቂቁን በሴኔት የመሩት ራውል ነበሩ። ዛሬ የስቴቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ናቸው።

ከእኛ ወገን የስቴት ምክር ቤት የገባ አለ?

አለ። አባታቸው ከኢትዮጵያ የመጡት ሳምራ ብሩክ ከ2021 ጀምሮ የኒው ዮርክ ስቴት ሴናተር ናቸው፤ ሮቸስተር አካባቢን ይወክላሉ። የአእምሮ ጤና ኮሚቴንም ይመራሉ። ከእሳቸው ቀደም ብሎ በ2018 ኢትዮጵያ የተወለዱት አሌክሳንደር አሰፋ ከላስ ቬጋስ ለኔቫዳ ስቴት ምክር ቤት ተመርጠው ነበር፤ ምርመራ ተከፍቶባቸው ሳለ በ2021 መጀመሪያ ለቀቁ።

የእኔን የስቴት ሴናተር ለማግኘት ዜግነት ያስፈልገኛል?

ለመምረጥ ያስፈልጋል። ለማነጋገር አያስፈልግም። የቤታችሁን አድራሻ የስቴቱ ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡ ስሙና የቢሮው ስልክ ይወጣል። ፈቃድ ዘግይቶባችሁ፣ የመንግሥት ቢሮ እያመላለሳችሁ ከሆነ ደውሉ። ስልኩን የሚያነሳው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወጣት ረዳት ነው። ስማችሁን፣ የምትኖሩበትን መንገድና ጉዳያችሁን በአጭሩ ንገሩት። ረዳቱ ይጽፈዋል፤ እናንተም የእሱን ስም ጻፉ።